ሠላሳ አንድ ግራም

የኪሎዋ ብረት ከስሯ በጥቁር የጫማ ሰም መደፈኗን እመት ወይኔ ያየችው፣ የንግድ ሚዛን ተቆጣጣሪው ብረቷን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ከጫራት በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በቀን መቶ ጊዜ አንስታ አስቀምጣታለች። ሩዝ መዝናባታለች፣ ስኳር መዝናባታለች፣ ዱቄትና ምስር መዝናባታለች፤ አንድም ቀን ግን ገልብጣ አላየቻትም። የሚዛን ብረት ማን ይገለብጣል? ከስሯ የመንግሥት ማኅተም የተመታበት እርሳስ መኖር ነበረበት። በእሱ ቦታ ግን ጥፍር የሚያስገባ፣ የሚያብለጨልጭ ሰም ተለድፎበታል። «ወይኔ!» አለች እንደ ልማዷ። ሰፈርተኛው ስሟን ትቶ በዚህች ቃል የሚጠራት ያለ ነገር አይደለም፤ ልጇ ስታስነጥስ ሳንባ ምች የሚታያት፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ የሚሸታት ሴት ናት።

ተቆጣጣሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ለጋ ሰው ነበር። ከሻንጣው የራሱን የኪሎ ብረት በጨርቅ ይዞ አወጣና በሚዛኑ አንድ ሳህን ላይ አስቀመጠ፤ በሌላው ሳህን ላይ የእሷን። የእሷ ወረደች። ደግሞ ሳህኖቹን አቀያየረና ሞከረ። አሁንም የእሷ ወረደች።

«ትከብዳለች» አለ።

«ከከበደች ታዲያ ለገዢው በዛለት ማለት አይደለም እንዴ? ምኑን ሰረቅሁ?»

«ሰረቁ አላልሁም እናቴ። ሲበዛም ሲያንስም ደንቡ አንድ ነው። ኪሎ ኪሎ መሆን አለበት፤ ማኅተሙም መነካት የለበትም።»

ብረቷን በላስቲክ ከረጢት ከቶ ቁጥር ለጠፈባት። ከዚያ በሩ ላይ፣ ከፍ አድርጎ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ብርቱካንማ ወረቀት ለጠፈ፦ «በዚህ ሱቅ ያለው መመዘኛ ከልክ ውጭ ሆኖ በመገኘቱ ታግዷል።» ወዴት ከልክ ውጭ እንደሆነ ወረቀቱ አይልም። ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ ምርመራው እሷ ባለችበት እንዲካሄድ የሚያዝ ሌላ ወረቀት አስፈርሟት ሄደ። እሱ ማዕዘኑን ሳይታጠፍ ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ራስ ግማሹን ሠርታ ግማሹን እንደተወችው፣ ማበጠሪያ በእጇ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው። «አይይይ፣ እመት ወይኔ! ለካ ለዚህ ነው ስኳሬ ሳምንት የማይደርስልኝ! እኔ ደግሞ ባሌን ስጠረጥር ኖርሁ!» አለችና ሳቀች። ሳቋ ክፉ አልነበረም፤ ግን አብሯት የሳቀው ሰው ብዙ ነበር። አንዲት አሮጊት ትናንት የገዙትን ሩዝ በከረጢቱ ይዘው ተመልሰው መጥተው፣ ባንኮኒው ላይ አኑረውት ቆሙ። እመት ወይኔ የምትመዝንበት ስለሌላት ከረጢቱን ዝም ብላ አየችው። አሮጊቷም ዝም ብለው አይተው፣ ይዘውት ሄዱ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። ከኋላ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሷና ልጇ የሚተኙበት ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የባሏ አባት የሚኖሩባት፣ አንድ አልጋና አንድ የሥራ ሣጥን ብቻ የሚያስገባ ጓዳ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ ጫማ ሰፍተዋል። ዐይናቸው ሲደክም ወስፌያቸውን አስቀመጡ፣ ልጃቸው ሲሞት ደግሞ አንደበታቸውን። ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አማቷና እመት ወይኔ የተነጋገሩት ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ደብተር አይሞላም። «ምሳ ቀርቧል አባባ።» «እግዜር ይስጥልኝ።» «ብርድ ነው ዛሬ።» «ነው።» በዚያ ጠዋት ግን መጋረጃው ተገለጠና ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ብቅ አሉ።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

«ወዴት አባባ? ደረጃ አለው እኮ፣ ወረፋ አለው፤ ወድቀው በላዬ ላይ ሌላ ጣጣ...»

«እሄዳለሁ አልሁሽ።»

እሷ እንደሁ ጓዟን ሸክፋለች። በአንድ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ፎጣ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ሳሙናና የደም ግፊት ክኒኖቿን ከታለች፤ ታስራ ብታድር ብላ። አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ አንዱን ጥፋት በሌላው ላይ ስትደርብ ሄደች። ፈቃዱ ይነጠቃል። ሱቁ ይዘጋል። የልጅቷ አሠሪ ይሰማል፤ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፣ የሌባ ልጅ ገንዘብ ተቀባይ ሆና አትቆይም። የሰም ነገር ደግሞ አለ። በቤቱ ውስጥ የጫማ ሰም ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ እሳቸውም አጠገቧ ተቀምጠው በመስኮቱ የሚያልፈውን ግንብ ይቆጥራሉ። ልትጠይቃቸው አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እኚህ ሰው ምን በድያቸው ነው ጉድጓድ የቆፈሩልኝ? ምሳቸውን አንድ ቀን አሳድሬባቸው አውቃለሁ? አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ እስኪያልፍ ስትበግን ቆየችና፣ ሽማግሌው በመዞሪያው ላይ ሲንገዳገዱ ክንዳቸውን ያዘችላቸው። ብስጭቷ ከእጇ አልደረሰም።

የመመርመሪያው ክፍል ከመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ነበር። ሲገቡ ቀዝቃዛ አየር ተቀበላቸው፤ ጓዳ ውስጥ ያለ የውሃ እንስራ አጠገብ የሚሰማ ዓይነት ጸጥ ያለ ቅዝቃዜ። ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ በዕድሜ ከእመት ወይኔ የምትበልጥ ባለሙያ ወለሉ ላይ ካለ ቢጫ መስመር ወዲያ እንዲቆሙ ነገረቻቸው። «አደራ፣ አጥብቃችሁ አትተንፍሱ» አለች፣ እንደ ቀልድ፤ ግን ቀልድ አልነበረም። እስትንፋስ ሚዛኑን ያናውጠዋል። ከክፍሉ ጥግ በመስታወት ውስጥ ሌላ መስታወት ተደፍቶ ነበር፤ በሁለተኛው መስታወት ውስጥ ደግሞ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ አንዲት የምታበራ ነገር ቆማለች። የኪሎዎች ሁሉ ኪሎ እሷ ናት። የተቆጣጣሪዎቹ ብረቶች ከሌሎች ብረቶች ይመሳከራሉ፣ እነዚያም ከሌሎች፣ የመጨረሻዎቹም በዓመት አንድ ጊዜ ከዚህች። «እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ባዶ እጅ ነክቷት አያውቅም» አለች ባለሙያዋ። «የጣት ወዝ ክብደት አለው።»

እመት ወይኔ የራሷን ጣቶች አየች። ያረፉበትን ሁሉ በቅባት ሲቀቡ የኖሩ፣ ባንኮኒውን፣ ከረጢቱን፣ የልጇን ግንባር ሲዳብሱ የኖሩ ጣቶች። ወዛቸው ክብደት አለው ተባለ፤ ክብደቱንም የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ለማወቅ ደመወዝ የሚበላ ሰው እዚህ ከመሬት በታች ተቀምጧል። ውጭ ሁሉም ነገር በግምት ነው። አውቶቡሱ በግምት ይመጣል፣ ሐኪሙ በግምት ያክማል፣ ስኳር ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ሲጨምር ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ግን አንዲት የማትጨምር፣ የማትቀንስ ነገር ለብቻዋ በመስታወት ውስጥ ቆማ፣ ስለ እሷም ሆነ ስለ ፀጉር ሠሪዋ ስኳር ምንም ሳታውቅ፣ ሁሉንም ይዛለች። ፍርሃቷ ለአንድ አፍታ የት እንደገባ ጠፋት። ዘወር ስትል ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘውታል።

ባለሙያዋ ከረጢቱን ቀደደች። የእመት ወይኔን ብረት በቆዳ በተለበጠ መቆንጠጫ አንስታ፣ ሰሙን ጠርጋ መዘነችና ቁጥሩን ጻፈች፤ አንድ ሺህ ሠላሳ አንድ ግራም። ከዚያ ከሰሙ ሥር የነበረውን በቀጭን መርፌ ፈልፍላ አወጣች። ሁለት ቁራጭ እርሳስ ወጣ፤ እንደ ሳንቲም የተቀጠቀጡ፣ ዳርቻቸው በቢላዋ የተከረከመ። ወደ ጉድጓዱ በማጉያ መስታወት ተመለከተችና ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። «ሁለት እጅ ነው የገባበት» አለች። «አንደኛው ቆየት ያለ ነው። የፋብሪካውን እርሳስ አውጥቶ ብረቱን ቦርቡሮታል፤ የተቦረቦረው ዝጓል። ሁለተኛው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ ሞልቶታል።» ባዶውን ብረት መዘነች። ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ። የመጀመሪያውን የእርሳስ ቁራጭ መዘነች፤ ሠላሳ አንድ። ሁለተኛውን መዘነች። እንደገና መዘነችው። «ሠላሳ አንድ» አለች፣ ቀስ ብላ፤ ድምፅ ካወጣች ቁጥሩ የሚሸሻት ይመስል። «ሠላሳ አንድ ጎድሎ፣ ያው ተተክቶ፣ በላዩ ደግሞ ያው ሠላሳ አንድ። ይህንን የሠራ ሰው ምን ዓይነት ሚዛን ነው ያለው?»

«ውሃ» አሉ ሽማግሌው።

ሁለቱም ዞረው አዩዋቸው።

«ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውሃ በአንድ ሳህን። በሌላው ባዶ ጠርሙስና ብረቷ። ብረቷ ቀለለች። እኩል እስኪሆን እርሳስ ጨመርሁ። ከዚያ የጨመርሁትን እርሳስ በአንድ ሳህን አድርጌ፣ እሱን የሚያህል ሌላ ቆረጥሁ። ስንት ግራም እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዛሬ ከእርስዎ ሰማሁ።»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ክፍል የሠራች ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ የመጣው ግን ተማሪ አስተማሪውን ሲያይ የሚመጣው ነገር ነበር። ማን፣ ለምን ብላ አልጠየቀችም። «አባባ፣ እኔ ክብደት ብቻ ነው የምጽፈው» አለችና ጻፈች። እመት ወይኔ ግን ዓመታቱን ወደ ኋላ ቆጠረች። ጠይቃ ሳይሆን ቆጥራ ነበር የደረሰችበት። ሱቁን ከእሷ በፊት ይዞ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከብረት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ፣ ሰባት ዓመት ያጠራቀሙትን ተናገሩ፤ ብዙም አልነበረም። ልጃቸው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ሱቁ ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው ብረቷን እንዲያው ለእጃቸው ሥራ ፍለጋ አንስተዋት ነበር። ስድሳ ዓመት መዶሻ የጨበጠ እጅ ሲቀል ያውቃል። «ዐሥራ አንድ ዓመት ነገደባት» አሉ። «አንዱን እርሳስ ጨምሬ ኪሎ ባደርጋት፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ይሆናል። የፊተኛውን ማን ይመልሳል? ሌላውን ጨመርሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ብዬ አሰብሁ። ሰባቱ ሄደ። አራት ቀርቶኝ ነበር።» ቀና ሳይሉ ጨመሩ፤ «ካንቺ ጉሮሮ ነጥቄ ነው የሰጠሁት። ያንን አውቃለሁ። አፌ እምቢ አለኝ።»

እመት ወይኔ ባሏን አሰበችው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀውን፣ ለማኝ በባዶ የማይሸኘውን፣ ማታ ማታ ልጁን ሒሳብ የሚያስጠናውን። የልጅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ይሆን? የእኔ የሆድ ቀዶ ሕክምናስ? ለመቆጣት የት ልጀምር ብላ ፈለገች። ከባሏ ትጀምር ወይስ ከአማቷ? በውስጧ ያገኘችው ግን ቁጣ አልነበረም። ክረምት ከበጋ፣ በእሷ ሱቅ፣ በማያውቁ ሰዎች ከረጢት ውስጥ፣ አንድ አባት በየኪሎው የልጁን ስም ሲያጥብ ኖሯል፤ እሷም ሳታውቀው እጁ ሆናለች። ይህ የሚያህል ነገር በዚያች ጓዳ ውስጥ፣ «ብርድ ነው ዛሬ»፣ «ነው» በሚል ሰው ልብ ውስጥ መክረሙ፣ እንደዚያች እንደምታበራው ነገር፣ አጥብቆ ለመተንፈስ እንኳ የሚያስፈራ ሆነባት።

መስኮት ሦስት ላይ ያለው ሠራተኛ ምርመራውን አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ። «እናቴ፣ እኔ ብሆን እከራከራለሁ» አለ። «ወደ ገዢው ነው ያጋደለው። የቅሬታ ጉባኤው ቅጣቱን ግማሽ ሊያደርግልዎ ይችላል። በርዎ ላይ ያለው ወረቀትም ‹ለገዢው ጥቅም› ተብሎ ይስተካከላል፤ ስምዎ ይነጻል።»

«ጉባኤው ምን ይጠይቀኛል?»

«ብረቱን ማን ነካው፣ መቼ፣ ለምን። ሁሉም ይመዘገባል፤ ውሳኔው ለሕዝብ ክፍት ነው።»

«ሳልከራከር ብቀበልስ?»

ሠራተኛው አንድ ገጽ ወረቀት ገፋላት። ስም፤ የፈቃድ ቁጥር፤ የመመዘኛው ዓይነት፤ ከልክ ያለፈው መጠን፤ ፊርማ። አገላብጣ አየችው። ለምን የሚል መስመር የለውም።

«እስርስ?» አለች፣ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛ።

«እስር የለም እናቴ። ይህ የወንጀል ነገር አይደለም፤ የደንብ መተላለፍ ቅጣት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ብረቱን እንጂ ልብዎን አይደለም። ይከፍላሉ፣ አዲስ ብረት ይገዛሉ፣ በሰባተኛው ቀን ወረቀቱ ይነሣል። ግን ሰባት ቀን ሙሉ ሰው ያነበዋል፤ ያስቡበት።»

ጠዋት ይህንኑ ነበር እንደ ግፍ የቆጠረችው፤ ልብን የማይጠይቅ ሕግ። አሁን ወረቀቱን ስታየው የሙት ስም የሚያልፍበት ጠባብ በር ሆኖ ታያት። ቅጣቱ የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ያህል ነው። ልጅቱ በአባቷ ፎቶ ሥር የምትተኛ ልጅ ናት። ሽማግሌው አጠገቧ ቆመው ወለሉን ያያሉ፤ ተከራከሪም አትከራከሪም አላሉም። ፈረመች። ሠራተኛው ትከሻውን ሰበቀና ማኅተሙን መታው።

ልጅቱ ወደ ቤት የገባችው አመሻሽ ላይ ነው። ከበሩ ጀምራ ጮኸች፦ «እማዬ! ምንድን ነው ይሄ ብርቱካን? ፀጉር ቤት በራፍ ላይ ሳልፍ እንዴት እንዳፈርሁ!» የምርመራውን ወረቀት ከባንኮኒው ላይ አንስታ አነበበችና ዐይኗ ፈጠጠ። «ከልክ በላይ? በላይ! እየበዛላቸው ነው የሰደቡን? አሁን ሄጄ አፍንጫቸው ላይ ነው የማነብላቸው!»

«ተይው።»

«እንዴት ነው የምተወው? አንቺ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ሴት!»

«ሰባት ቀን ነው። ተይው አልሁሽ።»

«ማን ነው ታዲያ የጨመረበት?»

መጋረጃው ሥር ቆመው የነበሩት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እመት ወይኔ እስትንፋሷን ያዘች፤ መስኮት ሦስት ላይ ያልተጠየቀው ጥያቄ ቤቷ ድረስ ተከትሏት እንደመጣ ታወቃት። «እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ብረቷ አርጅታ ጎድላ አገኘኋት። ስሞላት በዛብኝ።»

ልጅቱ አንዴ እናቷን አንዴ አያቷን አየች። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ። «አያቴ! ሰፈሩን ሙሉ ስትቀልብ ኖረሃል በለኛ!» ብላ ግንባራቸውን ሳመችና፣ እየሳቀች ልብሷን ልትቀይር ወደ ውስጥ ገባች። ሁለቱ ቀሩ። ሽማግሌው የተሳመ ግንባራቸውን በእጃቸው ነኩት፤ ትኩስ ነገር የነካቸው ያህል።

እመት ወይኔ ባንኮኒውን ወለወለች፣ የሩዙን ጆንያ አፍ ጠቀለለች፣ መብራቱን ግማሹን አጠፋች። ከማዶ የፀጉር ሠሪዋ ሳቅ ይሰማል፤ ዛሬ የሚሳቀው በማን እንደሆነ ታውቃለች። ሽማግሌው ወደ ጓዳቸው መግባት ሲገባቸው አልገቡም።

«አዲሷን ብረት የሚነካት የለም» አለቻቸው፣ ጀርባዋን እንደሰጠች። «ማኅተም ያላት ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ሳህኑ እኩል ከሆነ በኋላ ግን በእጅ መጨመርን የሚከለክል ደንብ የለም። እርስዎ ቀድመው ሲወጡ መስኮት ሦስትን ጠይቄዋለሁ። አራት ዓመት ነው ያሉት?»

ሽማግሌው ወደ ጆንያው ሄደው የጠቀለለችውን አፍ ፈቱት፣ ሳያዩ እጃቸውን ሰደዱና ጥቂት ሩዝ ዘግነው አወጡ። ከመዳፋቸው ጥቂት ፍሬ መልሰው ጣሉ፤ ሁለት ፍሬ ደግሞ ጨመሩ። «እጅሽን አምጪ» አሉ። መዳፏ ላይ አፈሰሱላት። «ይህችን ታህል።»

ምንም አልነበረም። አንድ ሕፃን የማያጠግብ ሩዝ ነው፤ ሚዛን ላይ ቢደፋ ነፋስ የሚመስል። ይህ ዐሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሲሄድ፣ ሰባት ዓመት በየቀኑ ሲመለስ፣ እሷ በመካከሉ ቆማ ዋጋ ስትጠራ፣ መልስ ስትቆጥር ኖራለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችበት። ሽማግሌው ከባዱን የእንጨት በር በትከሻቸው ገፍተው ገጠሙላት። እሷም ቀኝ እጇን እንደጨበጠች፣ በግራ እጇ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።